ከሩት ቢር ጣሳ ውስጥ ሥሩ የት ሄደ?

ሩት ቢር የአሜሪካኖች መጠጥ ነው፤ ስሙ በእንግሊዝኛ «የሥር ቢራ» ማለት ነው። ታዲያ አልኮል አለው ወይ? ብዙ ጊዜ የምጠየቀው ይሄ ስለሆነ መጀመሪያ እሱን እንጨርሰው። የለውም። በጣሳ ታሽጎ የሚሸጠው ሩት ቢር እንደ ኮካ፣ እንደ ሚሪንዳ ያለ ለስላሳ ነው። ውሃ፣ ስኳር፣ ጋዝ፣ ቀለምና ማጣፈጫ። ጣሳው ላይ «ሃርድ» የሚል ከተጻፈበት ግን ሌላ ነገር ነው፤ እሱ አልኮል አለው፣ ለአዋቂ ብቻ ነው የሚሸጠው። ስለዚህ ከመክፈት በፊት ማንበብ ነው።

የምኖረው ሰበታ ነው፣ ከአዲስ አበባ በጅማ መንገድ ሲወጣ ከዓለም ገና ቀጥሎ። ባዮሎጂ አስተምራለሁ። እኛ ሰፈር ውጭ አገር ዘመድ ያለው ሰው ብዙ ነው፣ ዘመድ ከአሜሪካ ሲመጣ ደግሞ ከቸኮሌቱና ከቫይታሚኑ ጋር አንዳንዴ ቡናማ ጣሳ ከሻንጣ ይወጣል። ከዚያ ጥያቄው ይከተላል። ለልጅ ይሰጣል? ለጾም ይሆናል? ከየትኛው ሥር ነው የሚሠራው? ስኳር ያለበት ሰው ቢጠጣው ምን ይሆናል? ለምንድነው የወገብ ቅባት የሚሸተው?

ጥያቄዎቹን እወዳቸዋለሁ። ሰው የሚጠጣው ነገር ከምን እንደተሠራ ሲጠይቅ ደስ ይለኛል፣ ምክንያቱም ብዙ ጊዜ አንጠይቅም። ከፍተን እንጠጣለን፣ በቃ።

እንግዲህ ከታሪኩ ልጀምር። ሰሜን አሜሪካ ውስጥ ሳሳፍራስ የሚባል ዛፍ አለ። የአገሩ ነባር ሕዝቦች ሥሩንና ቅርፊቱን ለመድኃኒትም ለመጠጥም ይጠቀሙበት ነበር። ከአውሮፓ የሄዱት ሰፋሪዎች ከእነሱ ተማሩና የሳሳፍራሱን ሥር ከሌሎች ሥሮችና ቅርፊቶች ጋር ቀቅለው፣ ስኳር ወይም ሞላሰስ ጨምረው፣ እርሾ ጣል አድርገውበት ቤታቸው ውስጥ መጠጥ ይጠምቁ ጀመር። አንድ ወጥ አሠራር አልነበረውም። አንዱ ሳርሳፓሪላ የሚባል የሐረግ ሥር ያበዛል፣ ሌላው የበርች ዛፍ ቅርፊት፣ ሌላው ዝንጅብል ወይም ሊኮሪስ የሚባል ጣፋጭ ሥር። የእያንዳንዱ ቤት ጣዕም የየራሱ ነበር።

ይሄን ከቤት አውጥቶ ገበያ ላይ በሰፊው ያቆመው ቻርልስ ሃየርስ የሚባል የፊላዴልፊያ ፋርማሲስት ነው። እ.ኤ.አ. በ1876 ፊላዴልፊያ ላይ አሜሪካ 100ኛ ዓመቷን ስታከብር ትልቅ ኤግዚቢሽን ነበር፣ እሱም እዚያ ምርቱን ለሕዝብ አስተዋወቀ። መጀመሪያ ይሸጥ የነበረው በደረቁ ነው። በ25 ሳንቲም አንድ ጥቅል ትገዛለህ፣ ቤትህ ወስደህ ከውሃ፣ ከስኳርና ከእርሾ ጋር ስታዋህደው 5 ጋሎን፣ ማለትም ወደ 19 ሊትር ይወጣዋል። ሃየርስ ራሱ የአልኮል መጠጥን የሚቃወም ሰው ነበር፤ «የሥር ሻይ» ሊለው አስቦ፣ ለፔንሲልቬንያ የድንጋይ ከሰል ቆፋሪዎች በዚያ ስም እንደማይሸጥ ወዳጁ መክሮት ነው ስሙን ወደ «ሥር ቢራ» የቀየረው ተብሎ ይነገራል።

ስሙ ግን ጣጣ አመጣበት። እ.ኤ.አ. በ1895 የአሜሪካ ክርስቲያን ሴቶች ፀረ-አልኮል ማኅበር «ይሄ እርሾ ገብቶበት የሚፈላ መጠጥ ነው፣ አልኮል አለበት» ብሎ አባላቱ እንዳይገዙት አደመ። እድማው እስከ 1898 ቆየ። በመጨረሻ ላቦራቶሪ ሲመረምረው በአንድ ጠርሙስ ውስጥ ያለው አልኮል ግማሽ ዳቦ ውስጥ ካለው አይበልጥም ተባለና ነገሩ በረደ። ዛሬ ጎረቤቶቼ የሚጠይቁኝን ጥያቄ የዚያን ጊዜ ሴቶችም ጠይቀውታል ማለት ነው፣ ደግሞም ትክክል ነበሩ። እርሾ ስኳር ሲበላ ሁለት ነገር ይተፋል፣ ጋዝና አልኮል። ጋዙን ፈልጎ አልኮሉን ሙሉ በሙሉ ማስቀረት በቤት ጠመቃ አይሆንም፤ በአጭር ጊዜ አቋርጦ ማቀዝቀዝና መጠኑን ማሳነስ ነው የሚቻለው። የዛሬው ፋብሪካ እርሾ የማያስገባው ለዚህ ጭምር ነው። ጋዙን ከሲሊንደር በግፊት ውሃው ውስጥ ይነዳዋል። የሚብላላ ነገር ከሌለ አልኮልም የለም።

አሁን ወደ ሥሩ። ሳሳፍራስ ውስጥ ሽታውን የሚሰጠው ሳፍሮል የሚባል ዘይት ነው። አይጦች ሳፍሮል በብዛት እየተሰጣቸው ሲጠኑ ጉበታቸው ላይ ካንሰር ታየ። በዚህ ምክንያት የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በ1960 ሳፍሮልንና የሳሳፍራስ ዘይትን ከምግብና ከመጠጥ አገደ። ከዚያ በኋላ ፋብሪካዎቹ ሁለት መንገድ ያዙ። ወይ ሳፍሮሉ የወጣለት የሳሳፍራስ ጭማቂ ይጠቀማሉ፣ ወይ ደግሞ (አብዛኞቹ እንደዚህ ናቸው) ጣዕሙን በሰው ሠራሽ ማጣፈጫ ይተኩታል።

ስለዚህ «ከየትኛው ሥር ነው የሚሠራው?» ለሚለኝ ሰው መልሴ ይሄ ነው። ዛሬ ከሱቅ የምትገዛው ብዙው ሩት ቢር ውስጥ ሥር የለም። የሥሩ ትዝታ ነው ያለው። ሥሩ ወጣ፣ ስኳሩ ግን ቀረ። ይሄ ነገር በጣም ያሳስበኛል፣ ምክንያቱም ሰው ስሙን ሰምቶ «የሥር ከሆነማ ጤና ነው» ብሎ ለልጁ ሲሰጥ በዓይኔ አይቻለሁ።

የወገብ ቅባቱ ሽታስ? የሚጠይቁኝ ሰዎች አልተሳሳቱም። የሩት ቢር ዋነኛ ሽታ አንዱ ዊንተርግሪን ከሚባል ትንሽ ተክልና ከበርች ቅርፊት የሚገኝ ዘይት ነው፤ በኬሚስትሪ ስሙ ሜቲል ሳሊሲሌት። ለወገብና ለጡንቻ ሕመም የሚቀቡት ብዙ ቅባቶች ውስጥ ያለውም እሱው ነው። አሜሪካዊ ልጅ መጀመሪያ በመጠጥ ስለሚያውቀው ቅባቱን ሲያሸት ጣፋጭ ትዝ ይለዋል፣ የእኛ ልጅ መጀመሪያ በአያቱ ጉልበት ላይ ስለሚያውቀው መጠጡ መድኃኒት መድኃኒት ይለዋል። አፍንጫ ያደገበትን ነው የሚያምነው።

ለጾም ይሆናል፤ ከእንስሳ የሚመጣ ነገር የለበትም። አሜሪካኖች ግን አይስክሬም ጣል አድርገውበት መጠጣት ይወዳሉ፣ እንደዚያ ከሆነ የፍስክ ነው። ካፌይንስ? አብዛኛው ሩት ቢር የለውም። ባርክስ የሚባለው፣ እ.ኤ.አ. በ1898 ሚሲሲፒ ውስጥ የተጀመረው፣ አሜሪካ ውስጥ ሲሸጥ ካፌይን ያለበት ነው። ለልጅ የምትሰጡ ከሆነ እሱንም ጣሳው ላይ ፈልጉት።

ስለ ኮካም ይጠይቁኛል፣ ሥር አለው ወይ እያሉ። የለውም። ኮላ የምዕራብ አፍሪካ ዛፍ ፍሬ ነው፣ ሲያኝኩት የሚያነቃ። እ.ኤ.አ. በ1886 አትላንታ ውስጥ ጆን ፔምበርተን የሚባል ሌላ ፋርማሲስት ነው ኮካ ኮላን የቀመመው። በዚያ ዘመን ፋርማሲስቶች ለስላሳ ይቀምሙ የነበረው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ሥሩም ቅጠሉም ዘይቱም እነሱ መደርደሪያ ላይ ነበር፣ ጋዝ ያለው ውሃም በመድኃኒት ቤት ይሸጥ ነበር።

ስኳሩን በቁጥር ልበለው። መደበኛ ኮካ በ100 ሚሊ ሊትር ወደ 10.6 ግራም ስኳር አለው። 330 ሚሊ ሊትር ጣሳ ሲሆን 35 ግራም ይሆናል። የታወቁት የሩት ቢር ዓይነቶች ከዚህም ይብሳሉ፤ 355 ሚሊ ሊትር በሚይዘው የአሜሪካ ጣሳ ከ40 ግራም በላይ ነው፣ ማለትም ከ10 የሻይ ማንኪያ በላይ። የዓለም ጤና ድርጅት ደግሞ አንድ አዋቂ ሰው በቀን ከሚጨመር ስኳር ወደ 25 ግራም ባይበልጥ ይመረጣል ይላል። አንዲት ጣሳ የቀኑን ጨርሳ ትርፍ አላት። ስኳር ሕመም ያለበት ሰው ለሚጠይቀኝ የማልሸፍነው ነገር ይሄ ነው፤ ሩት ቢር ከኮካ የተሻለ አይደለም፣ ሥር የሚለው ስም ደሙ ውስጥ የሚገባውን ስኳር አይቀንስለትም።

አሁን ወደ እኛ ሰፈር ልመለስ፣ ምክንያቱም ከሩት ቢር ይልቅ የምወደው ወሬ እዚህ ነው ያለው።

ክፍል ውስጥ ስለ ሥር ሳስተምር ሁሌም የሚነሳ ጥያቄ አለ። «ቲቸር፣ ድንች ሥር ነው አይደል?» አይደለም። ድንች ከመሬት በታች ያበጠ ግንድ ነው። ማስረጃው ዓይኑ ነው፤ ዓይኖቹ ቡቃያ ናቸው፣ ሥር ደግሞ እንደዚያ በተርታ ቡቃያ አያወጣም። ስኳር ድንች ግን እውነተኛ ሥር ነው። በስም ዘመድ ይመስላሉ እንጂ ቤተሰባቸውም የተለያየ ነው። ካሮት ሥር ነው። ካሳቫ ሥር ነው። የወለጋው አንጮቴም ሥሩ ነው የሚበላው። ዝንጅብልና እርድ ግን ግንድ ናቸው፣ በአግድም መሬት ውስጥ የሚሄዱ፤ አንጓቸውን ልብ ብሎ ያየ ይደርስበታል። ጎደሬም ያበጠ ግንድ ነው። ከእንሰት የምንበላው አሚቾም እንደዚሁ። ሽንኩርት ደግሞ ቅጠል ነው፣ እየተደራረበ ያበጠ ቅጠል። ይሄን ስነግራቸው ክፍሉ ይንጫጫል፣ ደስ ይለኛል። ማታ ቤት ሄደው እናታቸው ስትከትፍ ቆመው እንዲያዩ እነግራቸዋለሁ።

አንዳንድ ሰው «ታዲያ ምን ለውጥ ያመጣል፣ ወጥ ውስጥ ከገባ በቃ» ይለኛል። ያመጣል። ዝንጅብል ግንድ በመሆኑ ነው ቆራርጠን የምንተክለው፤ ዘር የለንም። በሽታ ያለበት ቁራጭ ከተተከለ በሽታው አብሮ ይተከላል። እ.ኤ.አ. በ2012 አካባቢ በደቡብ በኩል፣ ወላይታና ከምባታ አካባቢ፣ የዝንጅብል አጠውላጊ ባክቴሪያ ገብቶ የብዙ ገበሬ ማሳ ያወደመው በዋናነት በዚህ መንገድ እየተዛመተ ነው። ገበያ ላይ ዝንጅብል ተወደደ እያልን ስናማርር ከጀርባው ይሄ ታሪክ ነበር።

ሥር ላይ ሌላም ነገር አለ፣ እሱ ደግሞ የበለጠ ያሳዝነኛል። ቅጠል ብትበጥስ ተክሉ ሌላ ያወጣል። ፍሬ ብትለቅም በዓመቱ ይመለሳል። ሥሩን ከማስከው ግን አብዛኛውን ጊዜ አለቀለት። ቀበሪቾን እዩት። በዓለም ላይ የሚገኘው ኢትዮጵያ ውስጥ ብቻ ነው። ሰው ቤት ለማጠን፣ ለራስ ምታት፣ ለሆድ ሕመም፣ ለቡዳ እያለ ሥሩን ይገዛል፤ መርካቶ ቅመም ተራ በጥቅል በጥቅል ተደርድሮ ታገኙታላችሁ። እያንዳንዱ ጥቅል የተነቀለ ተክል ነው። አምርቶ የሚሸጠው ጥቂት ነው፣ አብዛኛው ከዱር ተቆፍሮ የሚመጣ ነው። ስለዚህ «ቀበሪቾ ይሠራል ወይ?» ለሚሉኝ መልሴ ሁልጊዜ አንድ ነው፦ ከመሥራቱ በፊት መትረፉ ያሳስበኛል። ጓሮ ያለው ሰው ቢሞክረው፣ ዘሩን የሚያውቅ ሰው ቢያራባው እንዴት ደስ ባለኝ!

ከዚህ ጋር የሚሄድ አንድ ማስጠንቀቂያ። ከተፈጥሮ መጣ ማለት አይጎዳም ማለት አይደለም። የሳሳፍራስ ታሪክ ይሄን ነው የሚነግረን፤ ለዘመናት ሲጠጣ የኖረ ሥር ነበር። ካሳቫ ውስጥ ሳያናይድ የሚፈጥር ነገር አለ፣ በተለይ መራራው ዓይነት፤ ተልጦ፣ ተዘፍዝፎ፣ ደርቆ፣ በደንብ ካልበሰለ ሰው ይመርዛል። ሊኮሪስ የሚባለው ጣፋጭ ሥር በብዛት ከተወሰደ የደም ግፊት ይጨምራል፣ የሰውነትን ፖታሲየም ያወርዳል። ሥር ምሰው ቅጠል በጥሰው ያዳኑን አባቶችና እናቶች እውቀት አላቸው፣ አከብራቸዋለሁ። እነሱ ግን መጠን ያውቁ ነበር። ዛሬ በስልክ ቪዲዮ አይቶ የሚቀቅል ሰው መጠኑን አያውቅም።

እና የእኛ ሩት ቢር የቱ ነው? ይሄን ጥያቄ አንድ ጎበዝ ተማሪ ነው የጠየቀኝ፣ ብዙ አሰብኩበት። ጌሾ ነው የሚሉ አሉ። ጌሾ ግን ሥር አይደለም፣ ቅጠሉና እንጨቱ ነው ለጠላና ለጠጅ የሚገባው፣ ጠላውና ጠጁ ደግሞ አልኮላቸው የታወቀ ነው። ለእኔ የሩት ቢር እውነተኛ ዘመድ ቀሪቦ ነው።

ጎረቤቴ ለበዓል ስትጠምቅ ቁጭ ብዬ አያለሁ። ገብሱን እስኪጠቁር ትቆላዋለች። ሽታው ግቢውን አልፎ መንገድ ድረስ ይወጣል። ከዚያ ትቀቅለዋለች፣ ታቀዘቅዘዋለች፣ ታጠልለዋለች፣ ስኳርና ትንሽ የዳቦ እርሾ ትጨምርበታለች። ያድራል። በማግስቱ ቡናማ፣ አረፋ ያለው፣ ምላስ ላይ ቸስ የሚል መጠጥ ይሆናል። ጌሾ የለውም። ጠላ የማይጠጣ እንግዳ ሲመጣ፣ ሙስሊም ጎረቤት ሲመጣ፣ ጴንጤ ዘመድ ሲመጣ፣ ለልጆች፣ ቀሪቦ ይቀርባል። የድሮዎቹ አሜሪካኖች ቤታቸው ይሠሩት የነበረው ልክ ይሄ ነው፤ የተቀቀለ ነገር፣ ስኳር፣ እርሾ፣ አንድ ሌሊት። እነሱ ሥር ቀቀሉ፣ እኛ ገብስ ቆላን። እንደዚያ ሴቶች ማኅበር በጥብቅ ከተመረመረ ቀሪቦም ጥቂት አልኮል ይወጣዋል፣ ባደረ ቁጥርም ይጨምራል፤ ይሄንን ማወቅ ለሚጠነቀቅ ሰው መብቱ ነውና እናገራለሁ። ስለ ስኳሩም እንደዚሁ፤ ጎረቤቴ ስኳሩን እንደ ጠጪው ታሳንሰዋለች፣ ጣሳው ግን አይሰማም።

የሚቆጨኝ ነገር ቢኖር ይሄ ነው። ሰበታ ውስጥ ካፌ ገብታችሁ ቀሪቦ ብትሉ የለም ትባላላችሁ። ብርዝ ብትሉም የለም። የፋብሪካው ማልት በአራት ዓይነት ስም ፍሪጅ ውስጥ ተደርድሯል፣ ከተቆላ ገብስ የተሠራው የራሳችን መጠጥ ግን በዓል ጠብቆ በጆግ የሚዞር ብቻ ሆኖ ቀርቷል። አንድ ፋርማሲስት በ25 ሳንቲም ጥቅል የቤት ጠመቃን ገበያ ላይ ካቆመ፣ ቀሪቦ የሚያውቁ የሰፈራችን እናቶች ተደራጅተው ንጽሕናውን ጠብቀው፣ አልኮሉን አስለክተው፣ የተቆላ ገብሱን በጥቅል ሸጠው የማይቆሙበት ምክንያት አይታየኝም። የተቆላ ገብስ ዱቄት በፕላስቲክ፣ ጀርባው ላይ የውሃና የስኳር መጠን የተጻፈበት። እኔ እገዛለሁ።

መጠበቅ ለማትፈልጉ ደግሞ እርሾም የማይፈልግ አንድ ነገር ልንገራችሁ፣ ቤታችን የምንጠጣውን። አምቦ ከምንጩ ጋዝ ይዞ የሚወጣ ውሃ ነው፤ ታሽጎ መሸጥ ከጀመረ ከ1930 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ጠረጴዛችን ላይ ነው። እኛ ከዝንጅብል ጋር እናዋህደዋለን። 100 ግራም የሚሆን ዝንጅብል እጠቡ፣ ልጣጩን ፋቁ፣ በመፋቂያ ፈግፍጉት። በግማሽ ሊትር ውሃ ክዳኑን ገጥማችሁ ለ15 ደቂቃ ቀስ ብሎ ይፍላ። አጥልሉት። ለብ ሲል ሁለት የሾርባ ማንኪያ ማር፣ የአንድ ሎሚ ጭማቂ። ፍሪጅ ውስጥ አስገቡትና በሦስት ቀን ውስጥ ጨርሱት። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስድ ሰው ቤት ውስጥ ካለ እሱ መጀመሪያ ሐኪሙን ይጠይቅ። ለመጠጣት ሲፈለግ ከብርጭቆው ሩቡን ዝንጅብሉን አድርጉ፣ የቀረውን በቀዝቃዛ አምቦ ሙሉት፤ ብርጭቆውን ዘንበል አድርጋችሁ በጎኑ ቀስ እያላችሁ ነው የምትቀዱት፣ አለበለዚያ ጋዙ አፍ ሳይደርስ ያልቃል።